ስንት ተማሪ አላችሁ?

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ከእህቴ ልጅ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች ፍሬሽ ናት። ስልኳን አውጥታ በቴሌግራም የተላከላትን ፎርም አሳየችኝ። ሠላሳ ምናምን ጥያቄ አለው። የእናትሽ የትምህርት ደረጃ? ዶርም ውስጥ ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ? ትምህርት ለማቋረጥ አስበሽ ታውቂያለሽ?

«ጋሼ፣ እውነት አሁን የእማዬን የትምህርት ደረጃ ማወቅ ምን ያደርግላቸዋል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ደስ አሰኘኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት እንዲህ ዓይነት ፎርም ከሚያዘጋጁና መልሱን ከሚቆጥሩ ሰዎች ጋር ነው። ሥራው ስም አለው፤ ተቋማዊ ጥናት ይባላል። ግቢ ውስጥ ከሚያስተምሩት እንኳ ብዙዎቹ ስሙን ሰምተውት አያውቁም። ማኪያቶው እስኪያልቅ የነገርኳትን ሰፋ አድርጌ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ምርምር» ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ወደ መምህሩ ነው። ስለ ስንዴ፣ ስለ ወባ፣ ስለ አክሱም ታሪክ የሚመራመር ሰው ይታየናል። ግኝቱ በጆርናል ይታተማል፤ የሚያነበው ሌላ አገር ያለ ምሁር ሊሆን ይችላል። ተቋማዊ ጥናት ከዚህ ይለያል። የሚጠናው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ማን ገባ? ማን አቋረጠ? የትኛው ኮርስ ላይ ነው ልጆቹ የሚወድቁት? በሚቀጥለው ዓመት ስንት አልጋ፣ ስንት መምህር ያስፈልጋል? መልሱን የሚጠብቀውም እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ውሳኔ ሰጪ ነው። ፕሬዚዳንቱ፣ ዲኑ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊው። ጥናቱ ባይታተም ችግር የለም። ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ ከደረሰ ግን ዋጋ የለውም።

ድሮ እንዲህ ያለ ሥራ አያስፈልግም ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ብቻ ነበሩ። ኮሌጁን የመሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ሁሉንም በስም ሊያውቋቸው ይችሉ ነበር። አንዱ ልጅ ከክፍል ቢቀር በማግስቱ ይታወቃል። በ1954 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆነ። ዛሬ ያው ተቋም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከስድስት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ጥቁር አንበሳ ተዘርግቷል። ተማሪዎቹ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። አገሪቱም እንደዚያው ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በዚህ ብዛት ላይ «ልጆቻችንን እናውቃቸዋለን» ማለት አይቻልም። ማወቂያ መንገድ ያስፈልጋል። አሜሪካኖችም ወደዚህ ሥራ የገቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው በተማሪ ተጥለቀለቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

ሥራው ምን እንደሚመስል የገባኝ በአንድ ቀን ነው። በሠራሁበት አንድ ተቋም ጠዋት ከላይ ስልክ ተደወለ። «ስንት ተማሪ አላችሁ? እስከ ከሰዓት ይፈለጋል።» ቀላል ጥያቄ ነው ብለን ሬጅስትራር ጠየቅን፤ ቁጥር ሰጠን። ለማረጋገጥ ያህል ካፌ ጠየቅን፤ ሌላ ቁጥር። የዶርም ኃላፊዎቹን ጠየቅን፤ ሦስተኛ ቁጥር። ዲፓርትመንቶቹ የላኩትን ደመርን፤ አራተኛ ሆነ። ልዩነቱ የአምስትና የአሥር ልጅ አይደለም። በመቶዎች ነው። አለቃችን ተቆጡ። «ከእናንተ መካከል የሚዋሸው ማን ነው?» አሉ።

የዋሸ ሰው ግን አልነበረም። ሬጅስትራር የቆጠረው በዚያ ሴሚስተር የተመዘገበውን ሁሉ ነው፤ የማታና የቅዳሜ ተማሪዎችም አሉበት። ካፌ የቆጠረው የምግብ ካርድ የያዘውን ነው። ነን ካፌ የሆነው፣ ማለትም ገንዘቡን ወስዶ ውጭ የሚበላው፣ የለበትም። የዶርም ሰዎች የቆጠሩት የተያዘ አልጋ ነው። ክሊራንስ፣ ማለትም የመልቀቂያ ወረቀቱን፣ ሳይጨርስ ወደ አገር ቤት የሄደ ልጅ አልጋው ገና በስሙ ነው። ዲፓርትመንቶቹ ደግሞ ክፍላቸው የሚገባውን ሁሉ ቆጠሩ። ከሌላ ዲፓርትመንት መጥቶ አንድ ኮርስ የሚወስድ ልጅ ሁለት ቦታ ተቆጠረ። አራቱም የቆጠሩት ልክ ነው። የተለያየው «ተማሪ» ያሉት ነገር ነው።

እንግዲህ የተቋማዊ ጥናት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው። ከኮምፒውተሩም ከሶፍትዌሩም በፊት ቃሉን መተርጎም። ተማሪ ማለት ማን ነው? መምህር ማለትስ? ለትምህርት ውጭ አገር የሄደው መምህር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህን ሳይስማሙ መቁጠር አንዱ በኩንታል ሌላው በጣሳ ሰፍሮ እህል እንደመደመር ነው።

ቀጥሎ ቀኑ አለ። የተማሪ ቁጥሩ በየቀኑ ይለወጣል። አንዱ ዘግይቶ ይመዘገባል፣ አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ዊዝድሮው፣ ማለትም የማቋረጫ ፎርም፣ ይሞላል። ስለዚህ አንድ የቆጠራ ቀን ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ አድ ኤንድ ድሮፕ፣ ማለትም ኮርስ የመጨመሪያና የመሰረዣው ጊዜ፣ ካለቀ በኋላ ነው የሚሆነው። በዚያን ቀን ያለው መረጃ እንደ ፎቶ ይነሣና ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የዚያ ሴሚስተር ቁጥር ለማንም ሲነገር ከዚህ ፎቶ ላይ ነው። ፎቶው በማግስቱ ያረጃል፤ ግን ዘንድሮን ከአምና ጋር ማወዳደር የሚቻለው በእሱ ነው።

አንድ ሌላ አቆጣጠርም አለ። ሙሉ ኮርስ የጫነ የቀን ተማሪና ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሹን ብቻ የሚወስድ ሠራተኛ ሁለቱም አንድ አንድ ሰው ናቸው። በመምህሩ ላይ የሚያሳርፉት ጫና ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ እንዲህ ያሉ ሁለት የቅዳሜ ተማሪዎችን ደምረው እንደ አንድ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይይዟቸዋል። አንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚደርሰው ሲነገራችሁ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ስለ ስም ጥቂት ልቆይ። የውጭ አገር ባለሙያ ይህን ራስ ምታት አያውቀውም። ፀሐይ የምትባል ልጅ አለች እንበል። አንዱ ጸሐፊ በ«ፀ» ጻፋት፣ ሌላው በ«ጸ»። አንዱ «ሐ» አለ፣ ሌላው «ሀ»። ኃይሉን፣ ሣህሉን፣ ዓለሙን አስቡት። ሲነበቡ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ሌላ ሰው ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ ተዉት፤ አንድ ልጅ በማትሪክ ካርዱ፣ በሬጅስትራርና በባንክ ደብተሩ ሦስት ዓይነት ስም ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባትና የአያት ነው ያለን። አንዱ ፎርም ላይ የአባት ስም እዚያ ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት።

የትውልድ ዘመኑም ያው ነው። ልጁ በፈረንጅ አቆጣጠር 2006 ብሎ ሞላ። ሠራተኛው ከ2017 ዓ.ም. ላይ ቀነሰው። የ11 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተገኘ! እንዲህ ያለው ስህተት ቶሎ ስለሚታይ ደግ ነው። ክፉው የማይታየው ነው። የሁለት ልጆች ውጤት በአንድ ስም ሥር ሲደባለቅ ማንም ሳያየው ያልፋል። መፍትሔው ከገቡበት ቀን እስከሚወጡበት ቀን የማይለወጥ አንድ መለያ ቁጥር ነው። ካፌውም፣ ዶርሙም፣ ላይብረሪውም በዚያው ቁጥር መሥራት አለባቸው። የፋይዳ መታወቂያ እየተስፋፋ መምጣቱ እዚህ ላይ ሊያግዝ ይችላል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራ አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው ትንተና ላይ አይደለም፤ ስም በማጥራት ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ልጆች ምስጋና አግኝተው አላየሁም። ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ፐርሰንት እንሂድ። ፐርሰንት ሲነገር ሁላችንም የምናየው ከላይ ያለውን ቁጥር ነው፤ ስንት አለፉ። እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ከስንቱ? እነማን ተቆጠሩ?

ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የሚወስዱትን የመውጫ ፈተና ውሰዱ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በሁሉም የትምህርት መስክ ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈተኑ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61,054 ናቸው። 40.65 በመቶ መሆኑ ነው። ታክሲ ውስጥም ቡና ቤትም የተወራው ይህ ነበር፤ ከመቶ አርባ ብቻ አለፉ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን ሁለት ክፍል ብናደርገው ሌላ ነገር ይታያል። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ውስጥ ያለፉት 48,632 ናቸው፤ 62 በመቶ ገደማ። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ውስጥ ያለፉት 12,422 ናቸው፤ 17 በመቶ ገደማ። 40 በመቶ የሚባለው ነገር እንግዲህ የትም ቤት የሌለ ቁጥር ነው። አንዱ ቤት 62 አለ፣ ሌላው 17።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ይፈርዳል፤ «የግሎቹ አያስተምሩም» ይላል። አጥኚው ግን ገና መጀመሩ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የቀን ተማሪው ስንት ነው? ሥራ ውሎ በማታ የሚማረውስ? ሲገቡ የነበራቸው ውጤት ምን ያህል ነበር? በየትምህርት መስኩ ሲታይስ? ይህ ሁሉ ተጠይቆ ጥፋቱ ያው የተቋሙ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ግን የቱ ተቋም፣ የቱ ፕሮግራም እንደሆነ በእጃችን አለ። የሚስተካከል ነገር አገኘን ማለት ነው።

ትምህርት ስለሚያቋርጡ ልጆችም እንዲሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. 100 ልጆች አንድ ዲፓርትመንት ገቡ እንበል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው። በ2017 ዓ.ም. 80 ልጆች ጋውን ለበሱ። ኃላፊው ደስ ብሏቸው «80 በመቶ አስመርቀናል» ብለው ሪፖርት ጻፉ። ስም ለስም ሲታይ ግን ከ80ዎቹ ውስጥ 15ቱ ከሌላ ዲፓርትመንት የመጡ ናቸው። 10ሩ ከፊተኛው ባች ወድቀው በሪአድሚሽን የተመለሱ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ የተመረቁት 55 ብቻ ናቸው። 45ቱስ? 12ቱ ዲፓርትመንት ቀይረው በሰላም እየተማሩ ነው። 9ኙ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርተዋል እንጂ አሉ። 8ቱ በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር ወጥተዋል፤ ሊመለሱ ይችላሉ። 16ቱ በውጤት ተባረዋል። አብረው የገቡትን ልጆች አንድ ላይ ይዞ እስከ መጨረሻው መከተል የሚባለው ይህ ነው። አድካሚ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ልጅ የት እንደደረሰ ሳያሳውቅ አያልፍም።

አሁን ወደ 16ቱ እንመለስ። ከእነሱ 11ዱ የወጡት በመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ የቱቶሪያል በጀት ለሦስተኛ ዓመት መመደብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ገንዘቡ መሄድ ያለበት ልጆቹ በገቡ በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ የመጀመሪያው ሚድ ኤግዛም ውጤት እንደወጣ።

ከዚሁ ጋር ጊዜውንም ማየት ያስፈልጋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ልጆቹ ወደ ቤታቸው ተሸኙ። የዚያን ጊዜ ባች «በጊዜው አልጨረሰም» ብሎ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ሥሩ ላይ ምክንያቱን ሳይጽፉ ማስቀመጥ ግን ልጆቹን መበደል ነው።

ሰዎች አምነው ለመቀበል የሚቸገሩበት አንድ ነገር አለ። ድምሩ የሚለውና ክፍሎቹ የሚሉት ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። በጣም የታወቀው ታሪክ የካሊፎርኒያው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ለድኅረ ምረቃ ካመለከቱት 8,442 ወንዶች 44 በመቶው ተቀባይነት አገኙ። ካመለከቱት 4,321 ሴቶች ግን 35 በመቶው ብቻ። አድልዎ ያለ ይመስላል። የዩኒቨርሲቲው አጥኚዎች በየዲፓርትመንቱ ሲያዩት ግን ሴቶችን ጎልቶ በሚታይ መጠን የሚገፉት ዲፓርትመንቶች ጥቂት ብቻ ሆነው ተገኙ። እንዲያውም በጥቅሉ ሲታይ ትንሽ ወደ ሴቶች ያደላ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ታተመ።

እንዴት ይሆናል? በትንሽ ቁጥር እንሥራው። ሁለት ዲፓርትመንት አለ። አንደኛው ብዙ ቦታ አለው። 80 ወንዶች አመለከቱ፣ 48ቱ ገቡ፤ 60 በመቶ። 20 ሴቶች አመለከቱ፣ 13ቱ ገቡ፤ 65 በመቶ። ሁለተኛው ቦታው ጠባብ ነው። 20 ወንዶች አመለከቱ፣ 4ቱ ገቡ፤ 20 በመቶ። 80 ሴቶች አመለከቱ፣ 20ዎቹ ገቡ፤ 25 በመቶ። በሁለቱም ቦታ የሴቶቹ ይበልጣል። አሁን ደምሩት። ከ100 ወንዶች 52 ገቡ። ከ100 ሴቶች 33። ወረቀት አውጥታችሁ ሞክሩት፤ ስህተት የለበትም። ሴቶቹ የበዙት በሩ በጠበበበት ቦታ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲህ አድልዎ የለም» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ አልስማማም። ጥያቄው ቦታ ቀየረ እንጂ አላለቀም። ለምንድን ነው ሴቶቹ ቦታ በጠበበበት፣ በጀት ባነሰበት ዲፓርትመንት የተከማቹት? ማን መከራቸው? ሃይስኩል ምን ተነገራቸው? ይህን ደግሞ የመግቢያ ሰንጠረዡ አይመልሰውም። ሰው መጠየቅ ይፈልጋል።

እናም ወደ ፎርሙ መጣን። ፎርም የሚላከው ቁጥሩ «ለምን» የሚለውን ስለማይናገር ነው። ግን ፎርም ራሱ ብዙ ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው፣ ፎርሙን የሚሞላው ግቢ ውስጥ የቀረው ልጅ ነው። «ለምን ያቋርጣሉ?» ብለን የምንጠይቀው ያላቋረጡትን ነው። የሄደው ልጅ ዛሬ አገር ቤት ነው፤ ምናልባት ስልኩም ተቀይሯል። እሱን ፈልጎ ማናገር አሥር ቀን ይፈጃል፤ ግን ከሺህ ፎርም ይበልጣል። ሁለተኛው፣ ጥያቄው በከባድ እንግሊዝኛ ይጻፋል። ልጁ ሳይገባው መሃል ላይ ያለውን ቁጥር እያከበበ ይጨርሳል። ሦስተኛው ብዛቱ ነው። በአንድ ሴሚስተር አራት ፎርም የተላከለት ልጅ አምስተኛውን አይከፍተውም።

የአራቱን ቁጥሮች ነገር አልጨረስኩላችሁም። አለቃችን ተቆጥተው ከወጡ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባችን አንድ ሐሳብ አመጣች። ቁጥሩን ትተን ስሙን እናስተያይ አለች። የካፌውን ዝርዝርና የሬጅስትራሩን ዝርዝር ጎን ለጎን አደረግን። በመለያ ቁጥር፤ ያ ያልተመዘገበለትን ደግሞ በዓይናችን። ሦስት ቀን ፈጀብን። ካፌው ውስጥ ያሉ፣ ሬጅስትራር ግን የማያውቃቸው ብዙ ልጆች ተገኙ። የመጀመሪያው ወሬ «ተማሪ ያልሆነ ሰው እየገባ ይበላል» የሚል ነበር። በር ላይ ጥበቃ ይጨመር ተባለ።

ባልደረባችን ግን ልጆቹን ጠርታ አናገረቻቸው። ተማሪዎች ናቸው። ክፍል ይገባሉ፣ ኖት ይጽፋሉ፣ ዶርም አላቸው። አልተመዘገቡም እንጂ። ለምን? ያለፈው ሴሚስተር አንድ ግሬድ አልገባላቸውም። መምህሩ ውጤት አዘግይተዋል፤ ሲስተሙ ደግሞ ያልተሟላ ግሬድ ያለበትን ልጅ አይመዘግብም። ልጆቹ ከቢሮ ቢሮ ሲሉ የመመዝገቢያው ቀን አለፈ። ከእነሱ መካከል «በቃ ልሂድ» ብለው ሻንጣ ያሰናዱም ነበሩ። አንድም ሰው ቢሄድ ኖሮ ሪፖርቱ ላይ «አቋራጭ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ምክንያቱም «የአቅም ማነስ» ይባል ነበር። ጥበቃ ሳይጨመር ነገሩ በአንድ ደብዳቤ አለቀ፤ ግሬድ ላዘገዩ መምህራን በተጻፈ ደብዳቤ። ልጆቹ ተመዘገቡ። እስካሁን ሳስበው ልቤ ይነካል።

ይህ ታሪክ የእኛ ብቻ አይደለም። አትላንታ ያለው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲም መረጃውን ሲመረምር ደህና ውጤት ያላቸው ልጆች በትንሽ ያልተከፈለ ሂሳብ ምክንያት ከምዝገባ እየተሰረዙ መሆኑን አየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ትንንሽ ድጎማ እየሰጠ ያስቀራቸው ጀመር። ገንዘቡ ትንሽ ነው። የሚከብደው የትኛው ልጅ፣ የት ላይ እንደቆመ ማወቁ ነው።

ፓትሪክ ቴሬንዚኒ የሚባል አሜሪካዊ የከፍተኛ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 የዚህን ሥራ እውቀት በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር። መቁጠርና ማስላት የመጀመሪያው ነው። የተቋሙን ጉዳዮች ማወቅ፣ ማለትም ምዝገባው፣ በጀቱ፣ ድልደላው እንዴት እንደሚሄድ፣ ሁለተኛው። ሦስተኛው ቤቱን ማወቅ ነው፤ ታሪኩን፣ ሰዉን፣ ነገር በማን በኩል እንደሚያልቅ። ባልደረባችን ሦስቱም ነበራት። የመጀመሪያውን ኮርስ ወስዶ መማር ይቻላል። ሦስተኛው የሚመጣው በዓመታት ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ባለሙያ ሥራ ሲለቅ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፋይል ብቻውን የማይበቃው።

አሁን የእህቴ ልጅ የፈራችው ነገር ላይ ልምጣ። «ለማቋረጥ አስቤ አውቃለሁ ብዬ ብሞላ ይበቀሉኛል?» ብላኝ ነበር። ልጅ ነገር ብዬ አላለፍኩትም። የሆነ ነገር ስለሆነ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ማውንት ሴንት ሜሪስ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለአዲስ ተማሪዎቹ መጠይቅ አስሞላ። ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም ተባሉ። ከጀርባ ግን የአመራሩ ሐሳብ በመልሳቸው ሊያቋርጡ የሚችሉትን ለይቶ፣ ከ20 እስከ 25 የሚሆኑትን ከመቆጠሪያው ቀን በፊት እንዲወጡ ማግባባት ነበር። ቀድመው ከወጡ አይቆጠሩማ! የተቋሙ ፐርሰንት ያምራል። የተማሪዎቹ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አጋለጠው፤ ፕሬዚዳንቱም በወሩ ሥራቸውን ለቀቁ። ያ መጠይቅ ልጆቹን ለማገዝ ቢውል ኖሮ ጥያቄዎቹ አንድም ሳይቀየሩ መልካም ሥራ በሆነ ነበር።

እኛም ዘንድ አሁን ሕግ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ መናገር፣ ለዚያው ዓላማ ብቻ ማዋልና መጠበቅ ይኖርበታል። ከሕጉ ባሻገር ደግሞ የሙያው ጥንቃቄ አለ። ለምሳሌ ስም አውጥቶ መጣል ብቻውን አይበቃም። «በእገሌ ዲፓርትመንት፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ማየት የተሳናት ሴት ተማሪ፣ 1» ብሎ ሰንጠረዥ ላይ ማውጣት ስሟን እንደመጻፍ ነው። ግቢው ሁሉ ያውቃታል። ጥሩ አጥኚ እንዲህ ያለውን ትንሽ ቁጥር ከሌላ ጋር ያዋህደዋል።

ቁጥር ራሱ ግብ ሲሆንም ይበላሻል። መምህሩ የሚመዘነው ባሳለፈው ልጅ ብዛት ከሆነ ፈተናው ይቀላል። የማለፊያው ፐርሰንት ይወጣል፤ ልጁ ግን ያው ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን እንዳይመዝን ሁልጊዜ ሌላ ያስፈልገዋል፤ የግሬዱ አጠገብ የመውጫ ፈተናው፣ የመውጫ ፈተናው አጠገብ ልጁ ሥራ ማግኘቱ።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሥራ ተበትኖ ነው የሚገኘው። ጥቂቱ ሬጅስትራር፣ ጥቂቱ ዕቅድ ክፍል፣ ጥቂቱ ጥራት ማረጋገጫ፣ ጥቂቱ አይሲቲ ዘንድ ነው። አብዛኛው ጉልበት የሚሄደውም ወደ ላይ ለሚላክ የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። አራት ኪሎ ላለው ሚኒስቴር ቁጥር ይላካል፤ ግቢው ራሱ ግን ከቁጥሩ ምንም ሳይማር ፋይሉ ይዘጋል። አሁን ግን ጊዜው እየተለወጠ ነው። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ገንዘቡንም፣ ሠራተኛውንም፣ ፕሮግራሙንም በራሱ የሚወስን ተቋም ራሱን ሳያውቅ ሊወስን አይችልም። የትኛው ፕሮግራም ይዘጋ? ክፍያ ቢጨመር ማን ይቀራል? እነዚህን በግምት መወሰን የሚጎዳው የድሃውን ልጅ ነው። እኔ ብጠየቅ ሌላ ፎርም አልጨምርም። እነዚያን አራት ቢሮዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ለአንዲት እንደ ባልደረባችን ያለች ሴትም ጥሩ ደመወዝ እከፍላለሁ።

ለእህቴ ልጅ የመለስኩላት አጭር ነበር። የእናትሽን የትምህርት ደረጃ የሚጠይቁት ከቤተሰቧ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ የሚያስፈልጋት እገዛ ስለሚለይ ነው አልኳት። ምዝገባ እንዴት እንደሆነ፣ ኤፍ ሲመጣ የት እንደሚኬድ ቤት ውስጥ የሚነግራት የለም። ግን አንቺም ጠይቂ አልኳት። ማን ነው የሚያየው? ስሜ አብሮ ይሄዳል? አምና ተመሳሳይ ፎርም ሞልተው ምን ተለወጠ?

ፎርሙን የላከውን ሰው በቴሌግራም ጠየቀችው። ወዲያው መለሰላት፤ ስም እንደማይያዝ፣ መልሱን የሚያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ጻፈላት። ስለ አምናው ዝም አለ። እሷ ግን ሞላችው። መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ሁልጊዜ የማይነበበው ቦታ ማለት ነው። እየቆየች ጻፈችበት። ስልኳን አዙራ አሳየችኝ፦

«ረቡዕ ረቡዕ ላብ የሚያልቀው ምሽት 1 ሰዓት ነው። ካፌው የሚዘጋውም 1 ሰዓት ነው። እኛ ሴክሽን ረቡዕ እራት አንበላም።»